ከአያት ሳጥን የወጡ ኖቶች፦ የትኛው ምልክት ዋጋ ይጨምራል፣ የትኛው ይቀንሳል?

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አያቴ ካረፉ በኋላ ሳጥናቸውን ስንከፍት በነጠላ የተጠቀለለ አሮጌ ገንዘብ አገኘን። አንዱ የ1969 ሃምሳ ብር ነው፣ ጀርባው ላይ የፋሲል ግንብ ያለበት። ፊቱ ላይ ክብ ወይን ጠጅ ማህተም ተመትቶበታል፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ በእስክሪቢቶ ስም ተጽፎበታል። ሁለት አንድ ብሮችም አሉ። ሁለቱም 1969 ይላሉ፣ ግን ፊርማቸው አይመሳሰልም። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ያለችበት የድሮ አስር ብር ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቀለም ያልነካው ነጭ መስመር አለው። አንድ የጣሊያን 50 ሊሬ አለ፣ ተጨማሪ ጽሁፍ ያለበት። መቶ የአሜሪካ ዶላርም አለ፣ ጥጉ ላይ ጥቃቅን ማህተሞች ተመትተውበታል። ፒያሳ ያሳየነው ሰው ‹ብርቁ ማህተም ያለበት ሃምሳ ብር ነው፣ ሌላው ተራ ነው፣ ሁሉንም ባንድ ላይ ልግዛችሁ› አለን። ወንድሜ ደግሞ በኦሞ እንጠባቸውና ይጥሩ ይላል። ምን እናድርግ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ የአያትሽን ነፍስ ይማር። ቀጥሎ ወንድምሽ ኦሞውን ይመልስ። አሮጌ ኖት አይታጠብም። በካውያ አይተኮስም። በፕላስተር አይጣበቅም። ላሚኔት ማድረግማ በጭራሽ። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፣ ለጊዜው ግን እጃችሁን ሰብስቡ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንግባ። ሰብሳቢ ሰው ኖት ላይ ያልተለመደ ነገር ሲያይ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ይህን ማን አደረገው፣ መቼ? ኖቱ ገና ማተሚያ ቤት እያለ የደረሰበት ስህተት ከሆነ ይፈለጋል። ገንዘቡን ያወጣው ባንክ ወይም መንግስት አስቦበት የጨመረው ከሆነም ይፈለጋል፣ እንዲያውም አንዳንዴ ኖቱ ራሱን የቻለ ሌላ አይነት ተደርጎ ይመዘገባል። ሰው እጅ ከገባ በኋላ የመጣ ማህተም፣ ጽሁፍና እድፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ነው። እናንተ ሳጥን ውስጥ ሦስቱም አይነት ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ጥያቄሽን በጣም ወድጄዋለሁ።

ከሃምሳው ብር ልጀምር፣ ሰውየውም የጀመረው ከሱ ስለሆነ። ጎንደሬ ለሆነ ሰው ይህ ኖት ልብ ይነካል፣ የገዛ ከተማው ግንብ ነው ያለበት። ግን ማህተሙ ብርቅ አያደርገውም። ይህን በእርግጠኝነት የምልሽ እንዲህ ያለ ማህተም ከየት እንደሚመጣ ስለሚታወቅ ነው። ገንዘብ ያዥ ቆጥሮ ሲያስር ከላይ ያለው ኖት ላይ ማህተም ያሳርፋል፣ ነጋዴ የሱቁን ማህተም ይመታል፣ የእቁብ ጸሐፊ ድምር ይጽፋል። ይህ ሁሉ ኖቱ ስራ ላይ እያለ የመጣ ነው።

ራስሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ። ኖቱን ገልብጪና ማህተሙ ባረፈበት ቦታ ጀርባውን እዪ። የማህተም ቀለም ቀጭን ስለሆነ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ወደ ኋላ ይወጣል፣ የማተሚያው ቀለም ግን እንዲህ አይሰርግም። ከዚያ ማጉያ መነጽር ያዢ፣ ከሌለሽ የስልክሽ ካሜራም ይበቃል። ማህተሙ እጥፋቱን የሚያቋርጥበትን ቦታ ፈልጊ። ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ተጠራቅሞ ከጠቆረ ወይም እዚያው ላይ ከዘለለ፣ ኖቱ ማህተም የተመታበት ከታጠፈ በኋላ ነው ማለት ነው። የታጠፈ ኖት ደግሞ በሰው ኪስ ያለፈ ኖት ነው።

ባንክ አንድን ኖት ከአገልግሎት ሲያወጣው ብዙ ጊዜ ይበሳዋል፣ ጥርት ባለ ቀዳዳ። ለናሙና የታተመ ከሆነ ደግሞ «ስፔሲመን» የሚል ቃል ታትሞበት ተከታታይ ቁጥሩ በአብዛኛው ዜሮ በዜሮ ይሆናል። እነዚህን ሰብሳቢ ይፈልጋቸዋል። ያንቺ ከነዚህ አንዱም አይደለም።

በእስክሪቢቶ የተጻፈው ስምስ? እዚህ ላይ ቆም በዪ። ስም የተጻፈበት ኖት ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎችና ወታደሮች አብረዋቸው የተጓዙ ሰዎችን የገንዘብ ኖት ላይ ያስፈርሙ ነበር፣ ዛሬ እነዚያ ኖቶች ራሳቸውን የቻሉ ሰብሳቢዎች አሏቸው። ግን ዋጋ የሚያወጡት የፈራሚው ማንነት ሲታወቅና ሲረጋገጥ ነው። ሃምሳው ላይ ያለው ስም የማን ነው? የአያትሽ ከሆነ፣ ወይም ለሰርጋቸው የሰጣቸው ዘመድ ከሆነ፣ ገበያው ምንም ቢልሽ ለቤተሰቡ የሚከበር ነገር ነው። እኔ ብሆን አልሸጠውም። በነገራችን ላይ ባንክ ወስጄ ልዘርዝረው ብለሽ እንዳትደክሚ፣ ያ ኖት ከስራ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው።

ሁለቱ አንድ ብሮች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀኑ አንድ፣ ፊርማው ሁለት፣ ስለዚህ አንዱ ሀሰተኛ ነው ይላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ደርግ የንጉሡ ምስል ያለበትን ገንዘብ ቀይሮ አዲሱን ብር ያወጣው በ1969 ነው። ኖቱ ላይ የምታይው ዓመት ገንዘቡ የተፈቀደበት ሕግ ዓመት ነው፣ ያ ወረቀት የታተመበት አይደለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያው ኖት ያው ዓመት እንደተጻፈበት እየታተመ ሲወጣ የብሔራዊ ባንክ ገዢዎች ተቀያየሩ፣ ፊርማውም አብሮ ተቀየረ። ስለዚህ ሰብሳቢዎች የ1969ን አንድ ብር እንደ አንድ ኖት አያዩትም። በፊርማ ይለዩታል፣ ከእያንዳንዱ ፊርማ አንድ አንድ ይፈልጋሉ።

የንጉሡ ዘመን ኖቶችም እንዲሁ ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ስራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ መንግስት ባንክ ገንዘብ የመጀመሪያው ፊርማ የጆርጅ ብላወርስ ነው፣ አሜሪካዊ ነበር፣ የባንኩ የመጀመሪያ ገዢ። ከሱ በኋላ ሌሎች ፈረሙ። ብሔራዊ ባንክ ሲቋቋም ደግሞ የመጀመሪያው ገዢ ምናሴ ለማ ሆኑ፣ ፊርማቸውም ኖቱ ላይ አለ። ይህን የምነግርሽ የሳጥኑን ስር በደንብ እንድትፈትሺ ነው። አያት ያስቀመጠችው ገንዘብ ውስጥ አንዳንዴ የንጉሡ ኖት በመጽሐፍ ገጽ መሀል ተጣብቆ ይቀራል።

የአንቺ ሁለቱ አንድ ብሮች ብዙ የታተሙ ስለሆኑ ንጽህናቸው ነው የሚወስነው። ያልታጠፈ፣ ጥጉ ያልተላላጠ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ለጀማሪ ሰብሳቢ ይሆናሉ።

አስር ብሩ ላይ ደግሞ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም «ተራ» ከተባሉት ውስጥ ልቤን ያንጠለጠለው አንዱ እሱ ነው። ነጭ መስመር ሲባል ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ዕድሜ ነው። ለዓመታት ታጥፎ የተቀመጠ ኖት እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይነሳል። እንዲህ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ ልክ መሀል ላይ ነው፣ ፊቱም ጀርባውም ላይ በአንድ ቦታ ይታያል፣ ሲዳሰስ ወረቀቱ ለስልሶ ጥጥ ጥጥ ይላል። በየሰው ቤት የሚገኘው ይሄኛው ነው።

ሁለተኛው የማተሚያ ቤት ስህተት ነው። ትልቁ ወረቀት ወደ ማሽኑ ሲገባ ትንሽ ተጨማዶ ይገባል። ቀለሙ በተጨማደደው ላይ ያርፋል። በኋላ ወረቀቱ ሲዘረጋ፣ በጭማዱ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ቦታ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰብሳቢዎች ይህን አጥብቀው ይፈልጉታል፣ ምክንያቱም መርማሪዎች አይተው መጣል የነበረባቸው ሾልኮ የወጣ ኖት ነው።

እንዴት ትለይዋለሽ? ምስሉን ተከተዪ። መስመሩ ላይ የሚያቋርጥ አንድ ነገር ምረጪ፣ የሰፌዱ ጠርዝ ይሁን፣ የፊደል እግር ይሁን። በእውነተኛው ስህተት ከምስሉ ምንም አይጎድልም፤ ተለያይቶ ብቻ ነው የቆመው። ነጩን ቦታ በሃሳብሽ ብታወጪው ግራና ቀኙ ግጥም ይላል። የተፋቀ ወይም ያረጀ ከሆነ ግን ምስሉ ራሱ ተበልቷል፣ ብታገናኚውም አይገጥምም። ከዚያ ሌላ ደህና አስር ብር ከተመሳሳይ ዘመን ፈልጊና ጎን ለጎን አስቀምጪ። ጭማዱ ሳይዘረጋ ወረቀቱ የተቆረጠ ከሆነ ያንቺ ኖት ሲዘረጋ ትንሽ ትርፍ ርዝመት ያሳያል። ይህ ከታየ ነገሩ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። ነጩ ቦታ ላይ ጣትሽን አሳልፊ፣ ወረቀቱ ጠንካራና ልሙጥ ሆኖ መቆየት አለበት። ከሻከረ፣ ጸጉር ጸጉር ካለ፣ አንድ ሰው በላጲስ ወይም በምላጭ ተጫውቶበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስጠንቅቄሽ ልለፍ። የህትመት ስህተት ዋጋ እንዳለው የሚያውቁ ሰዎች ስህተቱን ራሳቸው ይሰራሉ። በኬሚካል ቀለም ያነሳሉ፣ ቁጥር ይፍቃሉ፣ የደህንነት ክሩን ይጎትታሉ። ይህ ማታለል ነው፣ የሚጎዳውም እንደ ወንድምሽ ያለ ያላወቀ ገዢ ነው። እውነተኛ ስህተት ሁልጊዜ ማሽኑ እንዴት ሊሳሳት እንደቻለ ታሪኩን ይነግርሻል። ቀለም ያልደረቀበት ኖት ሌላው ላይ ሲደረብ ጀርባው ላይ የፊቱ ምስል በግልባጭ ያርፋል፣ ልክ እንደ መስታወት። ቁጥር ማተሚያው ሲንሸራተት በሁለቱ ቦታ ያሉት ቁጥሮች ይለያያሉ። መቁረጫው ሲስት የጎረቤት ኖት ጠርዝ ይታያል። ማሽን ሊሰራው የማይችለውን ነገር ካየሽ ግን የሰው እጅ አለበት።

ወደ ሊሬው እንምጣ። ለእኔ የሳጥኑ አውራ እሱ ነው፣ ታሪኩ ጎንደር ላይ የተፈጸመ ስለሆነ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ሲወር የጎንደር ከተማ አማራ ተብሎ የተከለለው ግዛት መቀመጫ ሆነች። ዛሬ ፒያሳ የምታይያቸው ብዙዎቹ ህንጻዎች የዚያ ዘመን ናቸው። የጣሊያን ባንክ ለቅኝ ግዛቱ የራሱን ኖት አወጣ፣ 50፣ 100፣ 500 እና 1000 ሊሬ፣ እላዩ ላይ «ሴሪዬ ስፔቺያሌ አፍሪካ ኦሪየንታሌ ኢታሊያና» የሚል ጽሁፍ ያለበት። ልዩ ተከታታይ፣ ለጣሊያን ምስራቅ አፍሪካ ማለት ነው። ቀኖቹ በፈረንጅ 1938 እና 1939 ናቸው። ዓላማው የቅኝ ግዛቱን ገንዘብ ከሀገር ቤቱ ገንዘብ ለይቶ መያዝ ነበር።

አሜሪካኖችም በፈረንጅ 1942 ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ፐርል ሀርበር ከተመታ በኋላ ለሃዋይ ደሴቶች የሚላከው ዶላር ላይ «ሃዋይ» የሚል ትልቅ ጽሁፍ አተሙበት፣ ጃፓን ደሴቱን ብትይዝ ያንን ገንዘብ ብቻ ለይተው ዋጋ ቢስ ለማድረግ። ለሰሜን አፍሪካ ዘመቻ የላኩት ደግሞ ቢጫ ማህተም ነበረው። ያ ጽሁፍና ያ ቀለም ዛሬ ሰብሳቢ ዘንድ ከተራው ዶላር በላይ ያስከፍላል። አንቺ ሊሬ ላይ ያለው ጽሁፍም የዚህ ወገን ነው፣ አውጪው ራሱ ያደረገው።

ግን ህዝቡ ያንን ወረቀት አልወደደውም። ማርትሬዛን ነበር የሚያምነው፣ ጠገራውን የብር ሳንቲም። ጣሊያን ይህን አውቆ በ1935 በፈረንጅ የማርትሬዛን መቅረጫ ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ውስጥ ጠገራ ማተም ጀመረ። ወረቀቱ ያም ሆኖ በገበያ፣ በደሞዝ፣ በመንገድ ስራ እጅ በእጅ ዞረ። ከዚያ ህዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፣ በምስራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቁ የጣሊያን ምሽግ ይህ ነበር። የምስራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገባ፣ ሊሬው ወደ ሳጥን ስር ወረደ። አያትሽ ወይም የሳቸው እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል።

ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 50ው ነው፣ 500ና 1000 ግን ብርቅ ናቸው። ስለዚህ ሚሊየነር አትሆኝም። ግን «ተራ» የሚባል ኖት አይደለም፣ ጣሊያን ውስጥ ሳይቀር ፈላጊ አለው። አንድ ነገር አረጋግጪ፦ ያ ተጨማሪ ጽሁፍ ከቀረው ህትመት ጋር አብሮ የታተመ መሆን አለበት። ጥርት ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ ጀርባ ያልሰረገ። በጎማ ማህተም የተመታ ከመሰለ ፎቶ አንስተሽ አሳዪኝ።

ዶላሩ ቀላል ነው። ጥጉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ማህተሞች የገንዘብ መንዛሪዎች ምልክት ናቸው። በእስያ፣ በአፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካ መንዛሪዎች መርምረው እውነተኛ ነው ያሉትን ኖት የራሳቸውን ምልክት ይመቱበታል። አንዳንዱ ሰብሳቢ ለወጉ ይወደዋል እንጂ ዋጋ አይጨምርም። ዶላሩ ግን አልሞተም። አሜሪካ በፈረንጅ ከ1861 ጀምሮ ያወጣችውን ኖት ሁሉ ዛሬም ትቀበላለች። ጥቁር ገበያ ላይ ማህተም አለበት ብለው ዋጋ ሲቀንሱብሽ እሺ እንዳትዪ፣ በቀጥታ ባንክ ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ስለ ኦሞው። የገንዘብ ወረቀት በአብዛኛው ከጥጥ የተሰራ ነው፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ስር ጨለም ብሎ ይታያል። የልብስ ሳሙና ግን ልብስ እንዲነጣ የሚያደርግ የሚያበራ ነገር አለው። የታጠበ ኖት በዚያ መብራት ስር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይበራል፣ ሰብሳቢው በአንድ አፍታ ያውቀዋል። ደህናውን ኖት እንደ ሀሰተኛ ወረቀት አስመሰልሽው ማለት ነው። ላሚኔት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፣ አይመለስም። ካውያው ከፍ ከፍ ያለውን ህትመት ይደፈጥጠዋል፣ ጣት ሲያልፍበት የሚታወቀው ያ ሻካራነት ይጠፋል፣ ለእውነተኛነት አንዱ ምስክር ደግሞ እሱ ነው። እድፉም ቢሆን ይቆይ። ጎንደር ውስጥ አዝማሪ ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ቅባት ቢኖረው ምን ይገርማል።

እስከዚያው አንድ አንዱን በንጹህ ነጭ ወረቀት መሀል አድርገሽ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጪ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ አልበም ተዪው፣ ከጊዜ በኋላ ይላብና ኖቱን ያጣብቃል። ክረምቱ እየመጣ ከሆነ ከግድግዳና ከቆርቆሮ ፍሳሽ አርቂው፣ ሻጋታ ከገባ ማውጫ የለውም።

ስለ ሰውየው መጥፎ ማሰብ አልፈልግም፣ ምናልባት አላወቀም ይሆናል። ግን ነገሩን እዪው፦ ማህተም ያለበትን ደካማውን ኖት አሞገሰ፣ ሊሬውንና አስር ብሩን ተራ ብሎ አለፋቸው፣ ከዚያ ሁሉንም ባንድ ላይ ጠየቀ። በጅምላ አትሽጪ። እያንዳንዱ ለየብቻው ዋጋ ይጠየቅበት፣ ቢያንስ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይዩት። ፋሲል ግቢ አካባቢ አሮጌ ገንዘብ የሚሸጡትም ዘንድ ሄደሽ በስንት እንደሚሸጡ ጠይቂ፣ ግን የሻጭ ዋጋና የገዢ ዋጋ አንድ እንዳልሆነ አትርሺ። አስር ብሩ እውነተኛ የህትመት ስህተት ከሆነ ደግሞ ውጭ ሀገር ኖት መርምረው ደረጃ የሚሰጡ እንደ ፒኤምጂ ያሉ ድርጅቶች አሉ። እስከ 70 ነጥብ ይሰጣሉ፣ ማህተም ወይም ጽሁፍ ካለበትም ያንን ይመዘግባሉ። ወጪው ግን ቀላል አይደለም፣ ለሃምሳው ብርና ለአንድ ብሮቹ አይመከርም።

ፎቶ ስታነሺ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ተከታታይ ቁጥሮቹንም እያየሽ ጻፊያቸው። ሁሉም አንድ አይነት አሃዝ የሆነ፣ ከግራም ከቀኝም አንድ የሚነበብ፣ ወይም በዜሮዎች የሚጀምር ትንሽ ቁጥር ካገኘሽ ለሱ ብቻ የሚከፍል ሰው አለ። የሊሬውን ቀን፣ የአስር ብሩን ነጭ መስመር በቅርበትና የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ፣ ስለ ዋጋ የምንነጋገረው እነዚያን ካየሁ በኋላ ነው።